ከአቀናባሪው ጠረጴዛ እስከ ተመልካቹ ቤት

የተቀናበሩ ቪዲዮዎች በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮችና መሣሪያዎች ላይ በትክክል ስለሚታዩበት ሁኔታ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመገናኛ አደባባይ ዙሪያ በቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ፣ ስልክና ኮምፒዩተር ከሚሸጥባቸውና ከሚጠገንባቸው ሱቆች ጎን ለጎን፣ የሠርግ፣ የምረቃና የሙት ዓመት ቪዲዮ የሚቀናበርባቸው ጠባብ ክፍሎች ይገኛሉ። በነዚህ ክፍሎች የሚከናወነው ተግባር ላይ ላዩን ሲታይ የኪነ ጥበብ ሥራ ብቻ ይመስላል። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን የምሕንድስና ነው። አቀናባሪው ሰሞኑን ሁሉ የደከመበትን ቪዲዮ በፍላሽ ገልብጦ ለባለጉዳዩ ያስረክባል። በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ሥዕሉ የጠራ፣ ድምፁም የተስተካከለ ነበር። ባለጉዳዩ እቤቱ ገብቶ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካው ግን ፋይሉን መክፈት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ወይም ድምፅ እየተሰማ ሥዕል ይታጣል፤ ወይም ተናጋሪው አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይከተላል።

በዚህ ጊዜ አቀናባሪው «እኔ ዘንድ ይሠራል» ይላል። ባለጉዳዩም «ሌላው ቪዲዮ ሁሉ በቴሌቪዥኔ ላይ ይታያል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ሳይግባቡ የሚቀሩበት ምክንያት፣ በመካከላቸው የተስማሙበት የርክክብ መለኪያ ባለመኖሩ ነው። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ይኸውም የአንድ ቪዲዮ ሥራ ተጠናቀቀ ሊባል የሚገባው በተሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በታወቀ መለኪያ ተዘጋጅቶ በሌላ ሰው መሣሪያ ላይ ሲታይ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም። ሠርግ አይደገምም። በመልሱ ዕለት ተነሥተው ሙሽሮቹን የመረቁት አዛውንት በሚቀጥለው ዓመት ላይገኙ ይችላሉ። ያ ምርቃት ተቀርጾ ሳለ፣ በሥራ ወይም በስደት ምክንያት ሠርጉ ላይ ያልተገኘው ልጅ ባለበት አገር ከፍቶ ሊሰማው ካልቻለ፣ ካሜራውም ድካሙም ከንቱ ሆኑ ማለት ነው። ለተማሪዎች የተዘጋጀ የትምህርት ቪዲዮም ቢሆን በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ካልተከፈተ ዕጣው ያው ነው።

ችግሩ ከኮምፒዩተር በፊት

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ መደበኛ የቀለም ሥርጭት የተሸጋገረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አገራችን የያዘችው የቀለም ሥርዓት በጀርመን ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1967 ለሕዝብ ሥርጭት የዋለው ፓል የተባለው ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሥዕል 625 መሥመሮች ሲኖሩት፣ በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕሎች ይታያሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀችው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለው ሥርዓት ግን 525 መሥመሮችና በሴኮንድ 29.97 ሥዕሎች ያሉት ነው። የልዩነቱ አንዱ ሥር የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በአውሮፓና በኢትዮጵያ የኃይሉ ምልልስ በሴኮንድ 50 ሲሆን በአሜሪካ 60 ነው፤ የሥዕሉም ፍጥነት ከዚሁ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተወጠነ።

በዚህም የተነሣ፣ የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት በገነነበት ዘመን ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ ለአዲስ አበባ ዘመድ የተላከ የሠርግ ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ያለ ችግር ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም የካሴቱ ቅርጽና መጠን በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ማጫወቻው ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ካልሆነ ግን የሚታየው ነገር የሚንሸራተት፣ ቀለሙም የጠፋ ሥዕል ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የተላከውም ካሴት የገጠመው ይኸው ነው። ያ ዘመን ያስተማረው ትምህርት ዛሬም አላረጀም፤ የውጭው ቅርጽ አንድ መሆኑ የውስጡን አንድነት አያረጋግጥም።

መያዣውና ጭነቱ

በኮምፒዩተር ዘመን የካሴቱን ቦታ የያዘው ፋይል ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታዩት ኤም.ፒ.4፣ ኤም.ኦ.ቪ. ወይም ኤ.ቪ.አይ. የሚባሉት ምልክቶች የሚነግሩን የመያዣውን ዓይነት ብቻ ነው። በመያዣው ውስጥ ሥዕሉና ድምፁ የታመቁበት ዘዴ፣ ባለሙያዎች ኮዴክ የሚሉት፣ ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን ለማስረዳት የምድር ባቡር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ነባሩ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። በወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነር ለሁለቱም መሥመሮች ያው ኮንቴይነር ነው፤ ለአንዱ ሐዲድ የተሠራ ፉርጎ ግን በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። እንደዚሁም ሁለት ፋይሎች ኤም.ፒ.4 የሚል አንድ ስም ይዘው፣ አንደኛው ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ዘዴ፣ ሁለተኛው በማያውቀው ዘዴ የታመቀ ሊሆን ይችላል። የፋይሉን ስም ከኤም.ኦ.ቪ. ወደ ኤም.ፒ.4 መለወጥም የፉርጎውን ቀለም እንደ መለወጥ ነው፤ የመንኮራኩሩን ስፋት አይለውጠውም።

በዛሬው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚነበበው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች.264 ነው። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራት ባነሰ መጠን ያስገኛል። ይሁን እንጂ በፓተንት ክፍያ ምክንያት በሁሉም ዘንድ እኩል አልተሠራጨም። የአይፎን ስልኮች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘዴ ይቀርጻሉ፤ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ማጫወቻ ግን ፋይሉን ለማሳየት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፕሮግራም እንዲጫንለት ይጠይቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፕሮሬስም ለቅንብር እጅግ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ለቤት ቴሌቪዥን የታሰበ አይደለም።

ኤች.264 ነው ማለት ብቻውም አይበቃም። በአንድ ስም ከሚጠሩት ፋይሎች መካከል አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ የቀለም ክፍል 8 ቢት፣ ሌሎቹ 10 ቢት ይይዛሉ፤ ይህም 256 እርከን እና 1,024 እርከን ማለት ነው። አንዳንዶቹ ቀለሙን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ፣ ሌሎቹ ለሁለት ነጥቦች አንድ ጊዜ ይመዘግባሉ። በቴሌቪዥንና በስልክ ውስጥ ያለው የኤች.264 ፈቺ ክፍል በአብዛኛው የተሠራው 8 ቢት ለሆነውና ቀለሙን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ ለሚመዘግበው ዓይነት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚፈታው በፕሮግራም ስለሆነ ሁለቱንም ይከፍታል። አቀናባሪው ዘንድ የሠራው ፋይል ቴሌቪዥኑ ላይ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሥዕልና ድምፅ ሲለያዩ

ሁለተኛው የችግር ምንጭ የጊዜ አቆጣጠር ነው። ካሜራዎች በሴኮንድ 25፣ 29.97 ወይም 30 ሥዕል ይቀርጻሉ። በ29.97 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ አንድ ያህል በመሆኑ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ30 የተቀረጸ ሥዕል በ29.97 ተቆጥሮ፣ ድምፁ ግን በራሱ ጊዜ ቢሄድ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የ3.6 ሴኮንድ ልዩነት ይፈጠራል። በሠርጉ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ጭብጨባው ሲሰማ እጆቹ ገና አልተገናኙም፤ ወይም ቀድመው ተለያይተዋል።

ስልኮች ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ወይም ሲግል የሥዕሎቹን ብዛት በየጊዜው ዝቅና ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ቪዲዮ በስልኩ ላይ ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ቋሚ ቆጠራ ወደሚፈልግ የቅንብር ፕሮግራም ሲገባ ግን ድምፁ ይዛነፋል። ስለዚህ ከስልክ የተገኘ ቪዲዮ ሁሉ ቅንብሩ ከመጀመሩ በፊት በሴኮንድ እኩል ሥዕል ወዳለው ፋይል መለወጥ ይገባዋል።

ለአገራችን አመቺ የሚሆነው በሴኮንድ 25 ሥዕል ነው። ከውጭ አገር በ30 እንደ ተደነገገ የመጣ ካሜራ በአዳራሽ መብራት ሥር ሲቀርጽ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ጥላ ሲንከባለል የሚታየው፣ በ50 ምልልስ የሚሠራው መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅና ደብዘዝ ስለሚል ነው። ካሜራውን ወደ 25 መመለስና የመዝጊያውን ፍጥነት የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ማድረግ ጥላውን ያጠፋዋል። የቆየ የፓል ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥም፣ እያንዳንዱ ሥዕል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የተቀረጸ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ግማሾቹ በአግባቡ ሳይዋሐዱ ከቀሩ፣ በሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መሥመር ይታያል።

የነጠላው ጥለትና የካባው እጥፋት

ሦስተኛው ቀለም ነው። በቪዲዮ ልማድ ጥቁር የሚጻፈው በ16፣ ነጭ የሚጻፈው በ235 ነው። የኮምፒዩተር ሥዕል ግን ጥቁርን በ0፣ ነጭን በ255 ይጽፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው በአንዱ ተጽፎ በሌላው ሲነበብ ነው። በኮምፒዩተሩ ልማድ የተጻፈውን ቴሌቪዥኑ በቪዲዮ ልማድ ቢያነበው፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ፣ ከ16 በታች ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል። ይህ በኢትዮጵያ ሠርግ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌላው ይብሳል፤ የነጠላው ድርና ማግ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ የጥቁሩ ካባ እጥፋትም ይሰወራል። በተቃራኒው ሲነበብ ደግሞ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም አመድማ ሆኖ፣ ሥዕሉ በተደጋጋሚ ታጥቦ የደበዘዘ ልብስ ይመስላል። አቀናባሪው ይህን የቴሌቪዥኑ ጉድለት መስሎት ቀለሙን እንደገና ቢያስተካክል፣ አንዱን መሣሪያ ሲያስደስት ሌሎቹን ያበላሻል። መድኃኒቱ ቀለሙን መነካካት ሳይሆን፣ ፋይሉ በየትኛው ልማድ እንደ ተጻፈ በፋይሉ ውስጥ በትክክል ማስመዝገብ ነው።

የፊደል ነገር

በቪዲዮ ላይ የሚጻፈው የአማርኛ ጽሑፍም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል እስካጠቃለለ ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው ከፕሮግራሞቹ አንደኛው ከሌሎቹ በልጦ ስለ ተገኘ አይደለም፤ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ስለ ተገኘ ነው።

ሆኖም የፊደሉ ቁጥር አንድ ሆኖ ቅርጹ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በአንድ ኮምፒዩተር የተጀመረ ቅንብር ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ያ የፊደል ቅርጽ እዚያ ከሌለ የሙሽሮቹ ስም በባዶ አራት ማዕዘኖች ይተካል። ስለዚህ ቅንብሩ ሲዛወር የፊደሉ ቅርጽ ፋይል አብሮ መሄድ አለበት። ለተመልካች በሚሰጠው ቪዲዮ ላይ ግን ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር ተዋሕዶ መቅረቡ ይሻላል፤ ለብቻው የተቀመጠ የግርጌ ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ የአማርኛ ፊደል ከሌለው አይነበብምና። የፋይሉም ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ቢጻፍ ይመረጣል። በስሙ ውስጥ ቀንና ወርን የሚለይ ዘባራ መሥመር ማግባት በአፕል ኮምፒዩተር ላይ ቢፈቀድም፣ ዊንዶውስ አይቀበለውም።

የፋይሉ መጠንና የመብራት መቋረጥ

ብዙ ፍላሾች የሚዘጋጁት ፋት 32 በተባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የ2 ሰዓት ቪዲዮ 7,200 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 20 ሚሊዮን ቢት ቢመደብለት 18 ጊጋባይት ይሆናል። በ8 ሚሊዮን ቢት 7.2 ጊጋባይት ሲሆን፣ ለሁለት ቢከፈል እያንዳንዱ ክፍል በፍላሹ ላይ ይሰፍራል። በ4 ሚሊዮን ቢት ከነድምፁ 3.7 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ሳይከፈል ይገባል።

በኤም.ፒ.4 ፋይል ውስጥ ማውጫ አለ፤ እያንዳንዱ ሥዕልና ድምፅ የት እንደሚገኝ የሚናገረው እርሱ ነው። ይህ ማውጫ እንደ ልማዱ የሚጻፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ቪዲዮው በመውጣት ላይ እንዳለ መብራት ቢቋረጥ፣ ጊጋባይቶች የተጻፉበት ፋይል ማውጫ ስለሌለው አይከፈትም። ስለዚህ የኃይል መጠባበቂያ ባትሪ በአቀናባሪው ክፍል ውስጥ ከኮምፒዩተሩ እኩል አስፈላጊ ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ቪዲዮ ከሆነም ማውጫው ወደ ፋይሉ መጀመሪያ እንዲዛወር ማዘዝ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ ፋይሉ በሙሉ እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ማየት ይጀምራል።

የርክክብ መለኪያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ አጭር መለኪያ ሊጠቃለል ይችላል። ለባለጉዳይ የሚሰጥ ቪዲዮ መያዣው ኤም.ፒ.4፣ የሥዕሉ ዘዴ ኤች.264፣ ዓይነቱ 8 ቢት ሆኖ ቀለሙን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ የሚመዘግበው ይሁን። መጠኑ 1920 በ1080 ነጥብ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 25 ሙሉ ሥዕል ይሁን። ድምፁ ኤ.ኤ.ሲ. በተባለው ዘዴ፣ በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ በሁለት መሥመር ይዘጋጅ። ቀለሙ በቪዲዮ ልማድ ይጻፍ። እያንዳንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አይብለጥ፤ ማውጫውም ከፊት ይሁን።

ይህ ለተመልካች የሚሰጠው ቅጂ ነው። ዋናው ቅጂ ግን ሌላ ነው። እርሱ በፕሮሬስ ወይም በተመሳሳይ ከፍተኛ ጥራት ወጥቶ፣ ከነጥሬ ፊልሙና ከነፊደሉ ቅርጽ በሁለት ልዩ ልዩ ዲስኮች ላይ፣ ቢቻል በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል። «ዘመኑ የ4ኬ ሆኖ ሳለ ለምን ባረጀ መለኪያ እንወሰናለን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። የተመልካቹ ቅጂ የሚሠራው ተመልካቹ ዛሬ ላለው መሣሪያ ነው። ነገ መሣሪያው ሲለወጥ ከዋናው ቅጂ አዲስ ይወጣለታል። ዋናው ቅጂ ከሌለ ግን፣ አንድ ጊዜ የተጨመቀውን መልሶ መጨመቅ ጥራቱን ይበልጥ ከመቀነስ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

«ቪ.ኤል.ሲ. የተባለውን ማጫወቻ መጫን ይበቃል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነጻ የሚሠራጨው ይህ ፕሮግራም በእርግጥ የቀረበለትን ፋይል ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይከፍታል። ችግሩም ይኸው ችሎታው ነው። ሥራውን በእርሱ ብቻ የሚፈትሽ አቀናባሪ የፋይሉ ጉድለት ይሸፈንበታል። ደግሞም በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ሊጫን አይችልም፤ በሩቅ አገር ያሉ እናትም ፕሮግራም እንዲጭኑ ሊጠየቁ አይገባም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ በራስ መሣሪያ ላይ ብቻ የተፈተነ ቪዲዮ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል።

ስለሆነም ፈተናው በሌላ መሣሪያ ላይ መደረግ አለበት። ምንም ያልተጨመረበት የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ የአፕል ኮምፒዩተር፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው የአንድሮይድ ስልክ እና ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ፍላሽ የሚያነብ ቴሌቪዥን ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ላይ የቪዲዮው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይታይ። መጨረሻውን ማየት በተለይ አስፈላጊ ነው፤ የድምፅ መዛነፍ የሚገለጸው እዚያ ነውና። ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ ፍላሹ ተመልሶ ሲመጣ ከሚጠፋው ጊዜና ከሚጎድለው አመኔታ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የማኅበሩ ድርሻ

በመገናኛ ያለ አንድ አቀናባሪ ይህን መለኪያ ለብቻው ቢከተል የእርሱ ደንበኞች ይጠቀማሉ። ነገር ግን መለኪያ ኃይል የሚያገኘው ብዙዎች ሲስማሙበት ነው። የአውሮፓ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የድምፅ ከፍታ መለኪያ ሲያወጣ፣ ለአባሎቹ ያስገኘው ጥቅም አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያስተካክል እንዲያስተላልፈው ማስቻል ነው። የእኛም ማኅበር በአንድ ገጽ የሚያልቅ የርክክብ መለኪያ በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአባላቱና ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ቢያድል፣ ባለጉዳዩና አቀናባሪው ውል ሲዋዋሉ የሚጠቅሱት ሰነድ ይኖራቸዋል። «እኔ ዘንድ ይሠራል» እና «እኔ ዘንድ አይሠራም» የሚለው ክርክርም በሰው ቃል መመዘኑ ቀርቶ በወረቀቱ ላይ በሰፈረው መለኪያ ይዳኛል። መሣሪያዎች ስለሚለወጡ ያ ገጽ በየሁለት ዓመቱ መታረም ይኖርበታል። ለመጀመሪያው እትም የሚያስፈልገው እውቀት ግን በአባላቱ እጅ አለ፤ የቀረው ተቀምጦ መጻፍ ብቻ ነው።